በተጨፈነ ዓይን የሚለካ መሪ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድም ብሎን አልፈታሁም። ኃይሉ ከቆሙት ሞተር ሳይክሎች በአንዱ ላይ አስቀመጠኝና «ዓይንህን ጨፍን» አለኝ። ጨፈንኩ። «እጅህን ወደፊት ዘርጋ። መሪውን አትፈልገው፤ እጅህ ራሱ ይረፍ።» እጄ ከመሪው መጨበጫ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ አየር ላይ ቀረ። «ያላ፣ አሁን ግለጥ። እጅህ ባለበትና መሪው ባለበት መሀል ያለውን ክፍተት አየኸው? የኛ እንጀራ እሱ ነው» አለኝ።

ዓመቱ በፈረንጆቹ 2013፣ ቦታው ሪያድ፣ ጉበይራ ሰፈር ነው። እዚያ ጋራዡን ወርሻ ነው የምንለው። የወርሻው ባለቤት አቡ ፈሃድ የሚባሉ፣ ከውትድርና ጡረታ የወጡ ሳዑዲ ነበሩ። ኃይሉ የራያ ልጅ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ሲሠራ ዓመታት አስቆጥሯል። እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ ለግንባታ ሥራ ሄጄ ነበር። ያመጣኝ ከፊል፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ ድርጅቱን ሲዘጋ ፓስፖርቴን መልሶልኝ ኢቃማዬን ሳያሳድስ ቀረ። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው እዚያ ከተማ ጥግ ጥጉን ነው የሚሄደው።

በዚያው ዓመት መንግሥት ወረቀት ለሌለን ሰዎች የማስተካከያ ጊዜ ሰጠ። ቀኑ ሳያልፍ አንድ አሠሪ ወደ ስሙ ካዛወረህ ትቆያለህ፤ ካላዛወረህ መጨረሻህ ተርሒል ነው፣ ታስረህ ወደ አገርህ ትባረራለህ። አቡ ፈሃድ ሲቀጥሩኝ «ሥራህን ልየው። ከወደድኩት ጊዜው ሳያልቅ አዛውርሃለሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሳይጠሩኝ አቤት የምል ሰው ሆንኩ።

መሪ ማስተካከል ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። መሪውን ያቀፈውን ብረት ታላላለህ፣ ወደ ነጂው ታመጣለህ፣ መልሰህ ታጠብቃለህ። ነገር ግን መሪው ሲዞር የፍሬንና የፍሪሲዮን መጭመቂያዎቹም አብረው ይዞራሉ። ነጂው ጣቶቹን መጭመቂያው ላይ ሲያሳርፍ ጣትና ክንዱ አንድ መስመር ካልሆኑ የእጁ አንጓ ታጥፎ ነው የሚውለው። መሪው ከፍ ካለ ደግሞ የፍሬን ዘይት ቱቦው ይወጠራል። ስለዚህ ከማስረከብህ በፊት ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙረህ ታያለህ። ብሎኖቹንም አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሄድም፤ እያፈራረቅክ በጥቂት በጥቂቱ ታጠብቃለህ። ኃይሉ ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ያጠበቅኩትን እየፈታብኝ ነው። ደሜን ያፈላው ነበር።

ዓይን ማስጨፈኑን መጀመሪያ ቀልድ ነበር ያልኩት። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሳዑዲ አንገቴን አመመኝ ብሎ መጣ። ሞተሩ ላይ ወጥቶ እንደ እሽቅድምድም ነጂ ደረቱን ነዳጅ ታንኩ ላይ አስተኛና «እንዲህ ነው የምነዳው» አለ። ኃይሉ ዓይኑን አስጨፈነው። ልጁ ቀስ በቀስ ቀና አለ፣ ትከሻው ወረደ፣ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ መሰለ። «ሰው ዓይኑን ገልጦ ሲቀመጥ ለተመልካች ነው የሚቀመጠው» አለኝ ኃይሉ በአማርኛ። መሪውን ወደ ኋላ አመጣንለት። መልኩ ተበላሸ ብሎ አኩርፎ ሄደ፤ ኋላ ላይ አንገቱን የሚያመውን ጓደኛውን ይዞልን መጣ።

ሌላው መድኃኒት የሚያመላልስ የባንግላዴሽ ሰው ነበር። ጣቶቹ እየደነዘዙ ማንኪያ መያዝ አቅቶታል። ዓይኑን ሲጨፍን እጁ በትክክል መጨበጫው ላይ ዐረፈ፤ መሪው ምንም አልነበረውም። መጭመቂያዎቹ ብቻ ወደ ላይ ተቀስረዋል። እነሱን ዝቅ አድርገን ሌላ ሳንነካ ሰደድነው።

ከወርሻው ጥግ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ጥቁር ሞተር ነበር። የአቡ ፈሃድ ነው። ዓርብ ጠዋት ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ እርሻ ይነዱ ነበር። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ታመው ሹመይሲ ሆስፒታል ተኙ፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አልተነካም። ልጃቸው ፈሃድ ደግሞ ወርሻውን ዘግቶ ቦታውን ለሱቅ ማከራየት ይፈልጋል። አንድ ቀን እኛው ፊት «አባቴ፣ ይህን ቤት ያቆዩት ለሞተርዎ ብለው ነው። የማይነዱ ከሆነ ምን ያደርግልናል?» አላቸው።

«በሚመጣው ዓርብ እነዳለሁ» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «መሪው ርቆብኛል፤ አቅርቡልኝ» አሉን።

ነገሩ ግልጽ ነበር። አቡ ፈሃድ ከነዱ ወርሻው አይዘጋም፣ ኃይሉ በሥራው ይቀጥላል፣ እኔም ኢቃማ አገኛለሁ። ካልነዱ ሁለታችንም መንገድ ላይ ነን።

ከመሪው ሥር ከፍ የሚያደርግ ብረት አስገባን፣ ወደ ኋላ ሳብነው፣ የፍሬኑን ቱቦ በረጅም ቀየርን። አቡ ፈሃድ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘረጉ። ግራ እጃቸው ቀጥ ብሎ መጨበጫው ላይ ዐረፈ። ቀኙ ነዳጅ ታንኩ ላይ ወደቀ።

«ያዝኩት» አሉ። «አሁን ልክ መጣ።»

ኃይሉ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ አለና ቀኝ እጃቸውን ቀስ አድርጎ አንስቶ መጨበጫው ላይ አኖረው። እጃቸው መነሳቱን ያወቁ አልመሰለኝም። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሁለቱም እጆቻቸው በቦታቸው ነበሩ። «ማሻአላህ» አሉ፤ ፊታቸው እንደዚያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አቡ ፈሃድ ሰው ሲጨብጡ አላየሁም፤ ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነው ሰላም የሚሉት። ቀኝ እጃቸው ላይ ሁልጊዜ መቁጠሪያ ተጠምጥሟል፤ አንዱ ዶቃ ወደ ሌላው ሲሄድ ግን አይቼ አላውቅም። የፊት ፍሬን ደግሞ በቀኝ እጅ ነው። ነዳጅ የሚሰጠውም በዚያው እጅ ነው።

ሲሄዱ ኃይሉ «ምንም አላየህም» አለኝ።

«እጃቸው ታንኩ ላይ ወድቆ ያዝኩት አሉ እኮ።»

«ስማኝ ወንድሜ። መሪ አቅርቡ አሉን፣ አቀረብን፣ ኸላስ፣ አበቃ። ሐኪም አይደለንም። ዝም አይነቅዝም።»

«መንገድ ላይ ፍሬኑን ቢያጡትስ?»

«አንተ ተርሒል ስትገባ ማን ያወጣሃል? እኔስ ቆቦ ላሉት ልጆቼ ምን ልላክ? አላህ ይጠብቃቸዋል በል» አለኝ። እሱ ራሱ አንገቱ ላይ ማተብ አለ።

አልፈረድኩበትም። እኔም ከእሱ የተሻልኩ ሰው ሆኜ አይደለም። ዓይን ማስጨፈንን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያው እሱ ራሱ ያንን እጅ አንስቶ ሲያስቀምጥ ማየቴ ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። ፈርቻለሁም። አገሬ ባዶ እጄን መግባትን የምፈራውን ያህል የምፈራው ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አቡ ፈሃድ ሞተሩን ሊያዩ ብቻቸውን መጡ። ኃይሉ ጎማ ሊያመጣ መንሱራ ሰፈር ሄዶ ነበር። «አንድ ጊዜ ደግመው ይቀመጡልኝ» አልኳቸው። ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቀኝ እጅዎ የት ነው?»

«መጨበጫው ላይ።»

«እስቲ ፍሬኑን ይያዙት።»

«ይዤዋለሁ።»

«አሁን ዓይንዎን ይግለጡ።»

ገለጡ። እጃቸው ታንኩ ላይ ነበር፤ ጣቶቻቸው በትንሹ ታጥፈዋል። የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። ከዚያ በግራ እጃቸው አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ኃይሉ ይህን ያውቃል?» አሉኝ።

«መሪውን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ኸላስ» ብለው ወረዱ። ሲወጡ ወደ እኔ አላዩም።

ዓርብ አልነዱም። ቅዳሜም አልመጡም። ለኃይሉ ያደረግኩትን ነገርኩት፤ ቁልፍ ከማቀበል በቀር ሊያነጋግረኝ አልፈለገም። አንድ ጊዜ ብቻ «እንግዲህ እውነትህን ሻንጣህ ውስጥ ክተትና አገርህ ግባ» አለኝ። ፈሃድ መጥቶ የወርሻውን ወለል በሜትር ለክቶ ሄደ። እኔም የምኖርበት ክፍል ገብቼ ልብሴን አጣጠፍኩ። ለምን ተናገርኩ ብዬ ራሴን የረገምኩበት ሰዓት ብዙ ነው።

ከቀናት በኋላ አቡ ፈሃድ መጡ። ሸራውን በግራ እጃቸው ራሳቸው ገፈፉትና ሞተሩ ላይ እንድወጣ አዘዙኝ። ወጣሁ።

«ዓይንህን ጨፍን። እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋሁ።

«ኃይሉ፣ መሪውን ወደዚህ ልጅ እጅ አምጣው» አሉ።

ብሎኖቹ ሲላሉ ሰማሁ። መሪው ተንቀሳቀሰ፣ መጨበጫዎቹ መዳፌ ሥር ገቡ። ለስንቱ ሰው መሪ ሳመጣ የእኔን እጅ ለክቶ መሪ ያመጣልኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ፤ ዓይኔን ቶሎ ያልገለጥኩት ለዚያ ነው።

«መንጃ ፈቃድ አለህ?» አሉኝ።

«ኢቃማ ለሌለው ሰው ማን ይሰጣል?»

«እንግዲያው ነገ ፓስፖርትህን ይዘህ ና። ፈቃዱን ታወጣለህ፤ ዓርብ ዓርብ ትነዳለህ። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው አንድ እጅ ይበቃዋል» አሉ።

ኃይሉ መጨረሻውን ብሎን እያጠበቀ «ያላ፣ ወንድሜ፣ ሻንጣህን ፍታ» አለኝ።

የማስተካከያው ጊዜ አልቆ ፍተሻው ሲጀመር ኢቃማ ነበረኝ። አንድ ክፍል አብረውኝ ይኖሩ ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹ ተርሒል ገቡ። ከእነሱ የበለጠ እውነት ስለተናገርኩ አይደለም የቀረሁት፤ ዕድል ነው። አቡ ፈሃድን ጓደኞቻቸው ሾፌር ቀጠርክ ወይ እያሉ ሲያሾፉባቸው «እኔ ቀድሜ ጡረታ ወጣሁ፤ እጄ ዘንድሮ ወጣ» ይሏቸው ነበር። በፈረንጆቹ 2016 ከኋላ መቀመጡም ከበዳቸው። ፈሃድ ወርሻውን ዘጋ፣ እኔም አገሬ ገባሁ።

አሁን ኮምቦልቻ ሞተር እጠግናለሁ። አብረውኝ ለሚሠሩት የምላቸው አጭር ነው። መሪ ከመንካታችሁ በፊት ሰውየውን ዓይኑን አስጨፍኑት። እጁ የት እንዳረፈ እዩ። አንስታችሁ አታስቀምጡለት፤ ንገሩት።