ሳያንኳኳ የተቀየረው ኩሽኔታ

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ሐረር ከመግባቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ስለ መኪና ሲያወሩ ዝም ብዬ የማዳምጠው የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ አፌን ከከፈትኩ ያችን ሳምንት ማንሳቴ ስለማይቀር ነው። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ዋሽቶኛል፣ ብዙ ሰው ሰርቆኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህን ግን ያደረገብኝ ሙያዬን ያስተማረኝ ሰው ነውና አልረሳሁትም።

ሰውየው ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። የታላቅ እህቴ የአስካለ ባል ናቸው። አባታችን በልጅነቴ ስለሞተ ያደግኩት በእነሱ ቤት ነው። ጋሽ ዘለቀ ድሬዳዋ አንድ ግሪክ መካኒክ ዘንድ ለዓመታት ሠርተው ሐረር የተመለሱ፣ በከተማው ሞተር ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። መፍቻ አያያዝ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። መሪ ያስጨበጡኝም እሳቸው ናቸው። «ብረት ይናገራል፤ አንተ ብቻ ጆሮህን ስጠው» ይሉኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሐጂ አብዱላሂ የሚባሉ የጀጎል ቡና ነጋዴ አገሩን ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ አንዲት ፈጣን መኪና ገዙ። አፍንጫዋ ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ቀለሟ የበሰለ ሮማን የመሰለ ነበረች። ስትነሳ ድምጿ ገበያው ድረስ ይሰማል፤ ግመሎች ይደነብራሉ። የጀጎል መንገድ ስለሚጠባት ወደ ውስጥ አትገባም። ከሸዋ በር ውጭ፣ ግንቡ ሥር በተሠራ የቆርቆሮ ዳስ ነበር የምትቆመው።

ሐጂ ሹፌር ሲፈልጉ ጋሽ ዘለቀንና እኔን በየተራ አስነዱን። የመረጡት እኔን ነው። «የልጁ እጅ ይቀላል» አሉ። ጋሽ ዘለቀ ስቀው አንገቴን አቅፈው ሳሙኝና «የተመረጠው እኮ የኔ እጅ ሥራ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። እሳቸው በነጋዴዎች የጭነት መኪና ላይ አቧራ እየጠጡ ቀሩ።

ሐጂ እንደ ሕፃን ፍጥነት ይወዳሉ። ዓለማያ ሐይቅ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ትከሻዬን መታ አድርገው «ልቀቃት!» ይሉኛል። እለቃታለሁ። እሳቸው ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሱብሐነላህ! ሱብሐነላህ!» እያሉ ይስቃሉ።

በዚያ ዓመት የሐጂ እናት መካ ለመሄድ ተነሱ። ሁሉም ሰው «አይ» ይላቸዋል፤ በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። በጣም አርጅተው ነበር። ሐጂ እናታቸውን በራሳቸው መኪና ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሊያደርሱ ስእለት ተስለዋል። ከዚያ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትሰበር ባቡሩ ያመልጣል፤ ባቡሩ ካመለጠ መርከቡም ያመልጣል። ለአይ ዕድሜ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ሩቅ ነበር።

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሐጂ ለንግድ በጭነት መኪና ወደ ጅጅጋ ሄዱ። ጋሽ ዘለቀ በማግስቱ ጠዋት ወደ ዳሱ መጡ።

«ኩሽኔታዎቿን ዓይተሃቸዋል?» አሉኝ።

ኩሽኔታ የሚባለው የሞተሩን ዋና ዘንግ አቅፎ የሚይዝ፣ ውስጡ በነጭ ለስላሳ ብረት የተለበጠ ቀለበት ነው። ለሁለት ተከፍሎ የሚገጠም ነው። እኛ ያኔ በፈረንሳይኛው ነበር የምንጠራው፤ ኩሽኔታ የሚለው የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው።

«ምንም አላንኳኳችም እኮ ጋሼ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ስታንኳኳ ከሰማህ አልቋል። እንዲህ ያለች ሯጭ መኪና ቀድማ አትነግርህም። ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ደንገጎ ቁልቁለት ላይ የሐጂን እናት ይዘህ፣ ፒስተኑን የሚገፋው ክንድ የሞተሩን ሆድ ቀዶ ቢወጣ ምን ትሆናለህ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። ፈረንጁ ሲሸጥ በሣጥን የተወው አዲስ ኩሽኔታ አለ አይደል? ለምን ይመስልሃል የተወው?»

«ሐጂን ሳላስፈቅድ?»

«የምትሄድ መኪና ክፈቱ የሚል ባለቤት የት አለ? ሳይመለሱ እንጨርሳለን። ከጠየቁህም ዘለቀ ነው ያዘዘኝ በል። በኔ ይሁንብህ።»

በኔ ይሁንብህ ያሉኝን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የዳሱን መሬት ቆፍረን መኪናዋን ከላይ አቆምናት። የበሬ ቆዳ አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ። ዘይቱን አፈሰስኩ፤ የሞተሩን ሆድ ከፈትኩ። ጋሽ ዘለቀ ከላይ ሆነው ያዝዙኛል። አዲሱን ኩሽኔታ ዝም ብሎ መግጠም የለም። ጥላሸት በዘይት በጥብጦ ዘንጉን መቀባት፣ ገጥሞ ማዞር፣ መልሶ መፍታት፣ ጥላሸቱ የነካውን ቦታ በስለት መፋቅ፣ እንደገና መግጠም። አንዱን ጥንድ እንዲህ ስል ውዬ ማታ ክንዴን ማንሳት ያቅተኛል።

በአራተኛው ቀን አራተኛውን ስፈታ ነጩ ብረት በደረቅ ወቅት እንዳለ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። በጥፍሬ ስነካው ቅርፊቱ ተነሳ። ከጉድጓዱ ወጥቼ ለጋሽ ዘለቀ ሰጠኋቸው።

አገላብጠው ዓዩት። «አየህ? ደንገጎን አይዘልቅም ነበር» አሉ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። «ሐጂ ሲመጡ እኔው ራሴ አሳያቸዋለሁ።»

በአምስተኛው ቀን፣ አንድ ጥንድ ብቻ ሲቀረኝ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ የሐጂን ድምፅ ሰማሁ። ሊመለሱ ገና ብዙ ቀን ነበራቸው።

«ዋሪያ! ውጣ ከዚያ!»

ወጣሁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ዘይት ነው። ሐጂ የጉዞ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ከገበያው ሰው መሰብሰብ ጀምሯል።

«ዘለቀ ሰው ባይልክብኝ ኖሮ መኪናዬን ቁርጥራጭ አድርገህ ሸጠህ ትጨርሳት ነበር!»

መጀመሪያ የሰማሁት አልገባኝም። ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞርኩ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብለው። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ተው ብዬው ነበር፣ ሐጂ» አሉ። «በእጄ ያሳደግኩት ልጅ ስለሆነ ጨንቆኝ ነበር። እንቢ ሲለኝ ግን ሰው ላኩብዎ። አሁንም የበተነውን ልግጠምልዎ ብዬ ነው የቆየሁት።»

«ጋሼ!» አልኩ። ቆይቶ ነው የተሰነጠቀው ትዝ ያለኝ። «ያን የተሰነጠቀውን ያሳዩዋቸው! ኪስዎ ውስጥ የከተቱትን!»

«የምን የተሰነጠቀ?» አሉ፤ ያን ጊዜ ዓይኔን ዓዩት። ጎንበስ ብለው ከቆዳው ላይ ደህና ከነበሩት አሮጌዎች አንዱን አንስተው ለሐጂ ሰጡ። «ይኸው፤ የፈታቸው እነዚህን ነው። ምን ሆነዋል?»

ሐጂ ኩሽኔታውን በጣታቸው ዳሰሱት። ለስላሳ ነበር። «ላልታመመ ሰው ሆዱ ይቀደዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

ሳይሰበር የዳነ ነገር ምን ማስረጃ አለው? ቢሰበር ኖሮ ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ባይሰበር ደግሞ የከፈተው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ያን ያወቅን ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ካደ።

ሐጂ ዳኛ ዘንድ አልወሰዱኝም። «ለእናቴ መንገድ ስል ነው» አሉ። ቁልፉን ተቀብለው ለጋሽ ዘለቀ ሰጡ። እኔ በሸዋ በር ገበያ መሃል፣ በርበሬና ጫት በሚሸጡት ሴቶች መካከል ዘይት እንደተቀባሁ ሄድኩ። ከኋላዬ አንዱ «ሌባው ሹፌር» ሲል ሰማሁ። ስሙ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

አይ የተጓዙ ቀን ከከተማው ወጣ ብዬ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። መኪናዋ በፊቴ አለፈች። አይ ነጭ ሻሻቸውን ተከናንበው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ዘለቀ መሪውን ይዘው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። ጆሮዬን ሰጠኋት። ሞተሯ እንደ ሐር ነበር። ከስድስቱ ጥንድ አምስቱን የፋቅኳቸውና የገጠምኳቸው እኔ ነኝ።

ከባቡሩ ብዙ ቀድመው ደረሱ። ሐጂ ለጋሽ ዘለቀ ጋቢ አለበሷቸው። ከተማው ሁሉ «ዘለቀ ያዳናት መኪና» ይላት ጀመር። እኔ አመድ አፋሽ ሆንኩ።

ከእነሱ ቤት ወጥቼ ጓደኛዬ ዘንድ ተጠግቼ ነበር። ወር ያህል እንዳለፈ እህቴ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መጣች። አራተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። ቁጭ ሳትል የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንድ ነገር እጄ ላይ አኖረች። የተሰነጠቀው ኩሽኔታ ነው።

«ከልብስ ሣጥኑ ሥር አገኘሁት» አለች። «ያልከው ይህን ነው?»

«ይህ ነው፣ እትዬ።»

ያኔ ነው ቁጭ ያለችው። «እኔ ደግሞ ስትክድ ነው የመሰለኝ። አንተን ነው የረገምኩት፤ እሱን አምኜ አንተን።» ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ውሰደው። ለሐጂ ስጣቸው። እኔ የምሆነውን እሆናለሁ።»

ያንኑ ቀን ጀጎል ገባሁ። ሐጂ ምንጣፍ በለበሰው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። አላስቀመጡኝም፤ አላባረሩኝምም። ኩሽኔታውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ሄዱበት።

«ይህ ከመኪናዬ ነው?»

«አዎ ሐጂ።»

«የት ነበር?»

ወደ ምንጣፉ አቀረቀርኩ።

«ስማ። ዘለቀ ደብቆት ከነበረ ከዘለቀ እጅ ያወጣው ሰው አለ። ያ ሰው እዚህ ቆሞ ይንገረኝ። ወላሂ፣ ዛሬውኑ እሱን አሰናብቼ አንተን እመልሳለሁ።»

እህቴን ከነሆዷ እዚያ መደብ ፊት ቆማ ዓየኋት። ከዚያ ወደ ማን ቤት ትመለሳለች? ሦስቱ ልጆችስ? እኔን ያሳደገችኝን ሴት ለመሪ ስል ሜዳ ላይ ልጥላት?

«መንገድ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት» አልኩ።

ሐጂ ኩሽኔታውን እጄ ላይ መልሰው አኖሩት። «መንገድ ላይ የወደቀ ብረት አይመሰክርም፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ያወቁ ይመስለኛል። ግን ምስክር አላመጣሁም፤ እሳቸውም እናታቸውን በሰላም ያደረሰላቸውን ሰው በግምት አላባረሩም። አልፈርድባቸውም።

በዚያው ሳምንት ድሬዳዋ ወርጄ በጭነት መኪና ላይ ተቀጠርኩ። ከዚያ በኋላ ሐረር ለሥራ አልተመለስኩም።

ጋሽ ዘለቀን እንደገና ያገኘኋቸው ከጦርነቱ በኋላ፣ በእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሸብተው ነበር። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነስተው አቅፈው ሳሙኝ፤ ልክ ያን ጊዜ ስመረጥ እንደሳሙኝ። ለጎረቤቶቻቸው «ይህን ልጅ ሞተር ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። በኩራት ነው ያሉት። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ሙሉ ቀን ጠበቅኩ። አልጠየቁኝም። የረሱት መሰለኝ፤ እኔ የማልረሳውን እሳቸው ረስተውታል። እህቴ ከማዶ ታየኛለች። ለእሷ ስል ፈገግ ብዬ የሰጡኝን ጠጅ ጠጣሁ። ዛሬም አንቱ እያልኩ የምጽፈው ለእሷ ስል ነው።

አሁን ሁለቱም የሉም። ቂም ይዘሃል ወይ ብትሉኝ አዎ፣ ይዣለሁ። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጋሽ ዘለቀ ስለ ሞተር የነገሩኝ አንዱም ውሸት አልነበረም። አርባ ዓመት በሙያው ስሠራ በእጄ ሞተር አልፈነዳም፤ በየጊዜው ሳያንኳኳ ከፍቼ ቀይሬያለሁ። በከፈትኩ ቁጥርም ከላይ ሆነው «ቀስ፣ የነካውን ብቻ ፋቅ» ሲሉኝ እሰማቸዋለሁ። ስማቸውን ከአፌ ማራቅ ችያለሁ። እሳቸውን ከእጄ ማውጣት ግን አልቻልኩም።