ከሩብ በላይ

ኖርበርት ፔልኪ ሠላሳ ስምንት ዓመት በወረቀት ፋብሪካው ከአባቴ ከሌዮ ጋር በአንድ ፈረቃ ሠሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ የቀራቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ቤት ብቻ ነበር። መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ጣሪያው ሙቀት አይዝም። ባለፈው ኅዳር ልጃቸው ክሎዴት፣ ቤቱ ዘንድሮ ካልሞቀ የአዛውንቶች መኖሪያ እንደምታስገባቸው ቁርጡን ነገረቻቸው። እሳቸውም ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው አሏት።

አውራጃው ለችግረኛ የቤት ማሞቂያ ነዳጅ ይሞላል፣ የመስኮት ቀዳዳ ይደፍናል። ደንቡ ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲያይ የነዳጅ ታንከሩ መጠን ጠቋሚ ቀስት ከሩብ በታች መሆን አለበት ይላል። ኖርበርት በድብቅ አመለከቱ። በእኛ ከተማ የመንግሥት እርዳታ መጠየቅ ከስርቆት እኩል ያሳፍራል። ቀጠሮው ለሰኞ ሆነ። ማሞቂያውን ከፍ አድርገው ነዳጁን ቶሎ መጨረስ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ማባከን ሌብነት ነው ብለው ካፖርታቸውን ደርበው ተቀመጡ። ቅዳሜ ቀስቱ ራሱ ከሩብ በታች ወረደላቸው።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያየሁት ቤታቸው ውስጥ ካፖርት ለብሰው መቀመጣቸውን ብቻ ነበር። የእኛ ሰው ሲሰጥም በድብቅ ነውና፣ እሑድ ቅዳሴ እስኪሄዱ ጠብቄ በግድግዳው በኩል ባለው መሙያ ስድስት ጀሪካን ነዳጅ ገለበጥኩ። ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ። የኔ ብጤ ጅል ሲደሰት እንዲህ ነው።

ሰኞ ጋኞን የምትባለው ተቆጣጣሪ ታንከሩ ያለበት ምድር ቤት ወርዳ ቀስቱን አየች። ከሩብ በላይ። ቅዳሜ ዝቅ ብሎ ነበር ብለው ቢምሉላት፣ ነዳጅ አይወልድም ብላ ማመልከቻቸውን ውድቅ አደረገችባቸው። ሰባ ስድስት ዓመት ሲኖሩ ውሸታም ተብለው አያውቁም።

ወሬው እንደደረሰኝ ቢሮዋ ሮጬ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ተናገርኩ። ቀና ብላም አላየችኝ።

“እንግዲያው ረዳት አላቸው ማለት ነዋ” አለች እየጻፈች። “ረዳት ላለው የመስኮቱም ሥራ ይቀራል።”

“ስድስት ጀሪካን እኮ ነው! ሁለት ሳምንት እንኳ አያደርስ።”

“እሱን ሳትቀዳ ነበር ማሰብ። የዘንድሮው መዝገብ ተዘግቷል።”

ሌላ ጀሪካን ይዤ ስሄድ የመሙያው ክዳን በጓጉንቸር ተቆልፎ አገኘሁ። ባንኳኳም አልከፈቱልኝም። በጥር የውሃ ቧንቧው ውስጡ በረዶ ሠርቶ ፈነዳ፤ ክሎዴትም መኪና ይዛ መጣች።

ሻንጣቸውን ልቀበላቸው ስል ነጠቁኝ።

“የሌዮ ልጅ” አሉኝ፣ “ያኔ አንኳኩተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?”

“እምቢ ይሉኝ ነበራ።”

ሻንጣቸውን መኪናው ውስጥ አስገቡ።

“አዎ፣ እምቢ እልህ ነበር” አሉ። “ቢሆንም ቤቴን ያሳጣኸኝ አንተ ነህ።”

የመኪናውን በር ራሳቸው ዘጉት።