ወደ ባምባሲ፣ ያላመንኩትን ምዕራፍ ይዤ

አሶሳ፣ ጠዋት

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ባምባሲ የሄድኩት አንድ ደራሲ ስለጠሩኝ ነው። የጠሩኝ ደግሞ የመጽሐፋቸውን የመጨረሻ ምዕራፍ አላመንኩትም በማለቴ ነው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አሶሳ ተመድቤ በፋርማሲስትነት እሠራለሁ። የዝውውር ማመልከቻ ካስገባሁ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ መልሼ እከተዋለሁ። ንባቤም እንደ ኑሮዬ ሆኗል፤ አንዱን መጽሐፍ ሳልጨርስ ሌላውን እገልጣለሁ፤ አልጋዬ ላይ የተደፉ መጻሕፍት አይጠፉም። የሚያረጋጋኝ ነገር ቢኖር የእሑድ ከሰዓት ስብሰባችን ነው። አንድ ጭማቂ ቤት ግቢ ውስጥ ጥቂት አንባቢዎች እንገናኝና ሰሞኑን ስላነበብነው እናወራለን። የተባለውን አንዱ ጓደኛችን ቴሌግራም ገጻችን ላይ ያወጣዋል።

ተራዬ ደርሶ ስለ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተናገርኩ። ደራሲው አቶ ሰይድ ይባላሉ። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አካባቢ ከሰፈሩት መካከል ናቸው፤ ያኔ ልጅ ነበሩ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ወባው፣ ዱባ ይዘው ስለመጡት የበርታ ጎረቤቶች፣ ስለ መጀመሪያው በቆሎ ጽፈዋል። በጉዞው መሃል ዓሊ የተባለው ታላቅ ወንድማቸው ይጠፋል። በመጨረሻው ምዕራፍ ፀጉሩ ሸብቶ ይመጣና አብረው ማዕድ ይቆርሳሉ።

እኔ ያልኩት እንዲህ ነበር። መጽሐፉ ወንድምየው እስኪመጣ ድረስ እውነት ነው። የሰዉ ሳል፣ የመኪናው ሽታ፣ የአጎትየው የተቀደደ ጫማ ሳይቀር አለ። ወንድምየው ሲመጣ ግን ምን እንደለበሰ እንኳ አልተጻፈም። ደራሲው ይህን በዓይኑ አላየውም።

በሳምንቱ ስልኬ ጠራ፤ ቁጥሬን ገጹን ከሚያዘጋጀው ጓደኛችን ወስደው ኖሯል።

«ሰይድ እባላለሁ። የጻፍኩትን አላመንኩም ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ነይና እንነጋገር። ቅዳሜ ቤት ነኝ።»

ድምፃቸው ቁጣ ይኑረው አይኑረው አልለየሁም። እስከ ቅዳሜ ድረስ የምመልስላቸውን ሳዘጋጅና ሳፈርስ ሰነበትኩ።

መናኸሪያ

ፉል በዳቦ በላሁና ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥግ ያዝኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የእሳቸውን ጨምሮ አምስት መጻሕፍት አሉ። መጀመሪያ ያወጣሁት ስለ ስኬት የሚያስተምረውን ነው። ባልደረባዬ «ሕይወትሽን ይለውጠዋል» ብላ የሰጠችኝ ነው። ደራሲው ከወፍ በፊት ያልተነሳ ሰው ሁሉ እንደተሸነፈ ያምናል። ሌሊት ተራ ገብቶ ጠዋት የሚተኛ ሰው መኖሩን የሰማ አይመስልም። አንድ ምክሩ ግን ጠቅሞኛል፤ ስታነቡ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ ይላል። ችግሩ እኔ ያለችኝ አንድ ክፍል ናት። ሁለት ገጽ አንብቤ ተነሳሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ረዳቱን መቼ እንደምንሄድ ጠየቅኩት። «ሲሞላ» አለኝ፤ ደጋግሜም ብጠይቀው መልሱ አልተለወጠም።

መንገድ ላይ

ከአሶሳ ስንወጣ የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ነበር። የተቃጠለው ሣር መሃል አዲስ ለምለም ብቅ ብሏል፤ ቀርከሃው ግን ገና ቢጫ ነው። በየመንገዱ ዳር ማንጎ በሳፋ ተደርድሯል፤ በዚህ ወቅት ከመርከሱ የተነሳ ሻጮቹ ለሚከራከራቸው ሰው ሁለት ሦስት ይጨምሩለታል። ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ ፈታሹ የመጻሕፍቱን ብዛት አይቶ «ተማሪ ነሽ?» አለኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት የደረቀ ባሚያና ለሻይ የሚሆን ከርከዴ በዘንቢል የያዙ የበርታ ሴት ናቸው፤ ስማቸው ሐዋ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ «አንቺ» ማለቱን ትተው «አንተ» ይሉኛል። እጄ ላይ የያዝኩትን የወንጀል ልብ ወለድ በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«አንድ ነጋዴ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ማን እንደገደለው ፖሊስ ይፈልጋል።»

«አላህ ይርሐመው። ሚስት አለ?»

«አለችው።»

«ሚስት ገደለ።»

ገና አልታወቀም ብዬ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ከኋላ የነበሩት ሰዎችም ጆሯቸውን ጣሉ። መጽሐፉ ልብ አንጠልጣይ ነው፤ ቋንቋው ቀላል፣ ምዕራፎቹ አጫጭር። ሰዎቹ ግን ከመጠርጠር ሌላ ሥራ የላቸውም፤ የሚበላ ወይም የሚስቅ የለም። ይህን እያሰብኩ ስተርክ፣ ሐዋ መውረጃቸው ደርሶ ረዳቱ በሩን ከፈተ። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም።

«ማን ገደለ? ቶሎ በል።»

እኔም አልጨረስኩትም ነበር። ረዳቱ እየጮኸ፣ ሾፌሩ ክላክስ እየነፋ፣ መጨረሻውን ገልጬ አየሁ። ገዳዩ መጽሐፉ ውስጥ አንዴ ብቻ ብቅ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ነው።

ሐዋ ዘንቢላቸውን አንስተው ጥቂት አሰቡ። «ውሸት» አሉ። «ሚስት ገደለ።» ከወረዱም በኋላ ከመንገዱ ዳር ሆነው በበርታ ቋንቋ ለሚጠብቃቸው ሰው ሲያስረዱ ይታዩኝ ነበር። መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን አቶ ሰይድ ትዝ አሉኝና መጽሐፉን ዘጋሁት።

ባምባሲ

ከቀጠሮዬ ቀድሜ ደረስኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ገበያው ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና በርታ ሲቀላቀል ይሰማል። ወዲያው መሄድ ስችል ሻይ ቤት ገባሁ፤ ፈርቼ ነው። አንዲት ስስ የግጥም መድብል አወጣሁ። አብዛኛዎቹ ግጥሞች ቤት ለመምታት ሲሉ ሐሳባቸውን የሚጥሉ ናቸው። አንዷ ግን፣ ባሏ ለሥራ ርቆ የሄደባት ሴት በሩን ዘይት ስትቀባ የምትናገረው፣ ሰቅዛ ያዘችኝ። በሩ ሲጢጥ ሲል «መጣ» ብላ እንዳትነሳ ነው የምትቀባው። ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሻዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ የሚነበብ ነገር አልታየኝምና ባጃጅ ይዤ ወደ ሰፈራው መንደር ሄድኩ።

አቶ ሰይድ ቤት

አቶ ሰይድ ሃምሳ የተጠጉ፣ ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ገበሬ ናቸው። ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ሰጡኝ። ቤቱ በራፍ ላይ ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ሰሊጥ ያነፍሳሉ። የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ ቀረበልኝ። እስክበላ ድረስ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አልተነሳም፤ በትንሽ በትንሹ ጎረስኩ። ወይዘሮ ፋጡማ «ብዪ እንጂ፣ አብሽሪ» ይሉኛል።

ሰሃኑ ሲነሳና እህታቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ አቶ ሰይድ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ልክ ነሽ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልመጣም።»

ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ለቁጣ ነበር። 

«እህቴ ማንበብ አትችልም። የጻፍኩትን ማታ ማታ አነብላት ነበር። መጨረሻው ሲደርስ ባዶ እጄን ልሄድባት አልቻልኩም። ለእሷ ብዬ አመጣሁት። ደስ ያላት መሰለኝ።» መሬቱን በእንጨት ጫሩ። «አሁን በድጋሚ ላሳትመው ነው። ምዕራፉን ልሰርዘው ወይስ እንዳለ ልተወው? ማንም ደፍሮ አልነገረኝም፤ አንቺ ንገሪኝ።»

ጭማቂ ቤት ተቀምጦ «አላመንኩትም» ማለት ቀላል ነው። እዚያ ዛፍ ሥር ግን ጸሐፊው ፊቴ ተቀምጠዋል። እንዳለ ይተዉት ብዬ በጊዜ ወደ ሚኒባሱ ብሄድ ደስ ባለኝ ነበር።

«ይሰርዙት» አልኩ። «የቀረው ሁሉ እውነት ነው። ይኼ ያንን ያበላሸዋል።»

«ለእሷስ ምን ብዬ?»

«ለእኔ ምንም አትበለኝ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ። በሩ ላይ ቆመው ነበር። መጥተው መሬት ላይ በተነጠፈው ሰሌን ተቀመጡ። «እኔስ እንዳልመጣ አላውቅም? እዚሁ አይደል ያለሁት?»

አቶ ሰይድ ቀና አሉ። «ታዲያ ሳነብልሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎህ ስታነብ ምን ልበልህ። ግን ሰይዶ፣ መጣ ብለህ ከምትጽፍ ሄደ ብለህ ጻፍ። ዓሊ አልጠፋም።»

አቶ ሰይድ የያዙትን እንጨት ጣሉ። ወይዘሮ ፋጡማ ዓይናቸውን ከሰሌኑ ሳያነሱ ቀጠሉ። «እናታችን ታማ አክስታችን ቤት ቀርታ የለ? አጎታችን ነው እኛን ይዞ የወጣው። መኪናው ቆሞ ሰዉ ሲወርድ እኔ ነቅቼ ነበር። ዓሊ አንተን ከጭኑ አንስቶ እኔ ጭን ላይ አስተኛህ። ‹እማ ብቻዋን ናት፣ እኔ እመለሳለሁ› አለኝ። ‹ሰይድ ሲነቃ ምን ልበለው› ስለው፣ ‹የመጣልሽን በይው› አለ። ጋቢውን ላንተ ደርቦልህ ወረደ።»

«ጋቢው እኔ ላይ ነበር» አሉ አቶ ሰይድ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «ስነቃ እኔ ላይ ነበር። ብርድ ነበር። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም?» ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሕፃን ነበርክ። ትቶን ሄደ ከምልህ ጠፋ ማለቱ ቀለለኝ። መሸሹ ቢሰማም ካድሬዎቹ ፈልገው ይይዙታል ብዬ ፈራሁ። በኋላ መንገድ ሲከፈት አጎታችን ሄዶ ጠየቀ። እናታችን ዐርፋለች፤ ዓሊ ደርሶላት ይሁን መንገድ ላይ ይቅር የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ቀረ። አንተም አደግክ፣ ልጆችም ወለድክ። ማን ይጠይቀኛል ደግሞ? ሁሉም የሚጠይቀው አንተን ነው፣ የተማርከው አንተ ነህ።»

አቶ ሰይድ ተነስተው ወደ ማሳው ጠርዝ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። እኔም ቦርሳዬን አነሳሁ። የቤተሰብ ነገር መሃል ገብቼ የቀረሁ መስሎኝ ነበር።

«ተቀመጪ» አሉኝ ወይዘሮ ፋጡማ። «ይመለሳል።»

ሰሊጡን አብሬያቸው ለቀምኩ። ጠጠሩን ትቼ ሰሊጡን እየጣልኩ አስቸገርኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ አቶ ሰይድ ፊታቸውን ታጥበው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። እህታቸው አጠገብ ሰሌኑ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ምን ለብሶ ነበር?» አሏቸው።

«ጋቢውን ላንተ ከሰጠ ወዲያ? የአባታችንን ኮት። እጅጌው ይረዝመው ነበር፣ ወደ ላይ አጥፎታል።»

አቶ ሰይድ ጻፉ። ወይዘሮ ፋጡማ ተናገሩ። መኪናው የቆመበት ከተማ ስሟ ጠፍቷቸው፣ ትልቅ ዋርካ ነበራት አሉ። ዓሊ ሲሄድ አንዴ ዞሮ አየኝ፣ ሳቀ፤ እንዳልጮህ ብሎ ነው የሳቀው አሉ። አቶ ሰይድ «ፈገግ አለ» ብለው ሲጽፉ ጮክ ብለው ስላነበቡት፣ እህታቸው «ሳቀ ነው ያልኩህ» ብለው አስሰረዟቸው።

መመለሻ

የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስሰናበታቸው ሁለቱም ደብተሩ ላይ አጎንብሰው ነበር። አቶ ሰይድ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ከተነሳ በኋላ ዝናብ ያዘን፤ መስኮቱ ስለማይዘጋ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቀፍኩ። የቀረኝን ወፍራም ታሪካዊ ልብ ወለድ ለመግለጥ ሞከርኩ። ቤተ መንግሥቱን በደንብ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁሉም እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው የሚናገሩት። ከዚህ በፊት ይህን ብዬ እዘጋው ነበር። አሁን ግን፣ ደራሲውን ይህን ያህል የሚያስጮኸው ምኑን ለመሸፈን ይሆን እያልኩ ቀጠልኩበት። ጉዞው ካስተማረኝ አንዱ ይኼ ነው፤ ውሸት ገጽ ሲያጋጥመኝ «አላመንኩም» ብዬ መነሳት ትቻለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሊጻፍ ያልቻለው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው፣ የምሰጠው አስተያየት የሆነ ሰው ቤት እንደሚገባ ማወቄ ነው። ያም ሆኖ ከተናገርኩት አልተመለስኩም። ምዕራፉ መሰረዝ ነበረበት።

አሶሳ ስደርስ ከተማው ጭቃ ሆኗል። ስለ ዝውውሬ የተላከ ነገር እንደሌለ አየሁ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ጓደኞቼ ደራሲው ምን አሉሽ ብለው ከበቡኝ። መጽሐፋቸው በድጋሚ ሲታተም ታነቡታላችሁ አልኳቸው፤ የነሱን ነገር እኔ ቀድሜ ላወራው አልፈለግኩም።

ትናንት አቶ ሰይድ ደወሉ። ምዕራፉ አለቀ ወይ ስላቸው ሳቁ።

«የትኛው? አሁን ደግሞ ስለ እናታችን ጻፍ ብላኛለች። እኔ መልኳንም አላስታውስ።»

«እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

«እየጠየቅኳት ነው» አሉ። «ከጀመረች አታቆም፤ እጄ አልደርስባት አለ።»