በቀትር የሚዘጋው የአሰብ ትምህርት ቤት

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በደርግ ዘመን፣ በግንቦት ወር፣ ሰኞ ማለዳ ነው። የተላክሁበት ጉዳይ ባጭሩ ይኸ ነበር፦ አሰብ ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሥራ ሰዓት ተዘግቶ ተገኝቷል፤ ርእሰ መምህሩም የትምህርቱን ሰዓት ከመመሪያ ውጭ ለውጧል የሚል ሪፖርት መጥቷል። ሄጄ ማየት፣ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ቃለ ጉባኤ መያዝና የውሳኔ ሐሳብ ይዤ መመለስ ነበረብኝ። ነገሩ እውነት ከሆነ ርእሰ መምህሩ ከቦታው ይነሣል።

የክፍል ኃላፊያችን፣ "አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፤ ያየሽውን ብቻ ትጽፊያለሽ" አሉኝ። ጠንቃቃ ያሉት ዝምታዬን ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስብሰባ ላይም ከኋላ ወንበር ነው የምቀመጠው።

ቁልቁል ወደ ባሕሩ

የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር የሚነዱት ጋሽ ደምሴ በዚህ መንገድ የሸበቱ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ኮምቦልቻ አደርን። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ባቲን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሚሌ ስንደርስ መስኮቱን ከፍቶ መሄድ ከምድጃ ፊት እንደ መቀመጥ ሆነ። ጋሽ ደምሴ መኪናዋን ከአንድ የግራር ጥላ ሥር አቆሙና ሞተሩን አጠፉ። ዙሪያውን ወደ ወደብ የሚወርዱና ከወደብ የሚመለሱ ተሳቢዎች ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ከመኪኖቻቸው ሥር ሰሌን ዘርግተው ተኝተዋል።

"ምን ሆነን ነው የቆምነው፣ ጋሽ ደምሴ?"

"ጎማው ይረፍ ብዬ።"

"እኛስ?"

"እኛማ ጎማው እስኪነቃ እየጠበቅን እንተኛለን።"

ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። ሻዩ በስኳር ብዛት ማር መስሏል፤ ዋጋውም ከአዲስ አበባው እጥፍ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ተነሣን። ከዚያ በኋላ ያለው ምድር ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ጨው፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ ነው። ደባይሲማ አካባቢ ጥቂት የአፋር ቤቶችና ከግመሎቻቸው ኋላ የሚሄዱ ሴቶች አየን። እዚያው አቅራቢያ ሾፌሮች ከሚያርፉበት ቦታ አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ ባሕሩ ታየን። በሕይወቴ የመጀመሪያው ባሕር ነው። ሰማዩ ራሱ ወርዶ የተኛ መሰለኝ። የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ባይኖር የቱ ሰማይ፣ የቱ ውኃ እንደሆነ አልለይም ነበር።

የተቆለፈው በር

ማረፊያ ሳንይዝ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። በሩ ተቆልፏል። በሽንቁሩ ሳይ ግቢው ባዶ ነው፤ ባንዲራው እንኳ አይንቀሳቀስም። ከአጥሩ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በገመድ አልጋ ላይ ተጋድመዋል።

"ሰላም ዓለይኩም" አሏቸው ጋሽ ደምሴ።

"ወዓለይኩም ሰላም።"

"አባቴ፣ ዛሬ ትምህርት የለም?" አልኳቸው።

"አለ እንጂ።"

"ተማሪዎቹ የታሉ?"

"ተኝተዋል። አስተማሪውም ተኝቷል። እኔም ተኝቼ ነበር፤ እናንተ መጣችሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ይህ ሰዓት የሰው አይደለም፣ ልጄ። ለማታው ፈረቃ አሥር ሰዓት ላይ ነይ፤ ዋናውን ማየት ከፈለግሽ ግን ነገ ንጋት ላይ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ።"

ወደ መኪናው ተመለስሁ። ሪፖርቱ እውነት ነበር። ያየሁትን ብቻ የምጽፍ ከሆነ ያየሁት የተቆለፈ በር ነው፤ እሱን ጽፌ ብመለስ ማንም አይወቅሰኝም።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት እሜቴ ሰዓዳ የሚባሉ የከተማው ተወላጅ ናቸው። በሸክላ ምድጃ የውስጥ ግድግዳ ላይ ለጥፈው የጋገሩትን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር አቀረቡልን። ከዚያም አልጋዬን ከክፍል አስወጥተው ከቤቱ ሴቶች ጋር ጣሪያ ላይ አነጠፉልኝ። "ቤት ውስጥ የሚተኛ እንግዳና የሞተ ሰው ብቻ ነው" አሉኝ። የመጣሁበትን ጉዳይ ሲሰሙ ግን ፈገግታቸው ጠፋ። "አቶ ኢድሪስን ልትነሡት ነው? የእህቴ ልጅ ዘህራ ትምህርት አቋርጣ ነበር፤ እሱ ነው የመለሳት" ብለው ወረዱ።

ማለዳ

በማግስቱ ገና ድንግዝግዝ ሳለ ከትምህርት ቤቱ በር ደረስሁ። ልጆቹ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ፊታቸው ታጥቦ ገና አልደረቀም። በሩ ላይ አንድ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ቆሞ በስማቸው እየጠራ ያስገባቸዋል። አቶ ኢድሪስ ነው። ማንነቴን ስነግረው አልደነገጠም።

"ትናንት ዘበኛውን ቀስቅሰሽ ነበር አሉ" አለኝ። "ዛሬ ደግሞ ግቢ፤ እኛን አትቀሰቅሺንም።"

ባንዲራው ሲወጣ ፀሐይዋ ከባሕሩ ላይ ብቅ ብላ ነበር። አምስተኛ ክፍል ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ትምህርቱ ስለ ትነት ነው። መምህርቷ ጥያቄ ስትጠይቅ እጆች ይነሣሉ፤ ያልተጠራ ያጉረመርማል። አንዱ፣ ባሕሩ በየቀኑ ከተነነ ለምን እዚህ አይዘንብም ብሎ ጠየቀ፤ ሌላዋ፣ ዝናቡን ደገኞች ወስደው ነው አለች፤ ሳቁ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተልኬ ጎብኝቻለሁ። ልጆች ለእኔ ሲሉ የሚያስመስሉትን ንቃት አውቀዋለሁ፤ ይኸኛው ሌላ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ዘህራን ፈለግኋት። ረጅም፣ ሻሿን ወደ ኋላ የጣለች ልጅ ናት። እሷ ግን ቀደመችኝ።

"እትዬ፣ ሊዘጉብን ነው የመጡት?"

"ለማየት ነው የመጣሁት። አንቺ ለምንድን ነው አቋርጠሽ የነበረው?"

"የከሰዓት ፈረቃ ነበርኩ። በስድስት ሰዓት ተኩል ነበር የምንገባው። ከቆርቆሮው ሥር ስቀመጥ ራሴን ያዞረኛል፤ አፍንጫዬ ይደማል። ስተኛ ደግሞ ያስቆሙኛል።"

"ቆማም ታንኮራፋ ነበር" አለች አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ።

"አንቺስ? በደብተርሽ ላይ ለሃጭሽን አልነበር የምታፈሺው?"

"እኔ እንኳ ሳልደማ ነው የተኛሁት።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ዘህራ ሳቋን አቋረጠችና፣ "የድሮው ከተመለሰ እኔ አልመለስም፤ እናቴም አትልከኝም" አለችኝ። በዛቻ አልነበረም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነበር የነገረችኝ።

አቶ ኢድሪስ ነገሩን ያጫወተኝ በአምስት ሰዓት፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ ነው። ለዓመታት እሱና መምህራኑ ልጆቹን ሰነፎች፣ ፍላጎት የሌላቸው እያሉ ይቀጧቸው ነበር። አንድ ቀን ሁሉንም ሰብስቦ፣ ለመማር የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው። እሱ ስለ መጻሕፍት እጥረት ይነግሩኛል ብሎ ነበር። "ወላሂ፣ ሁሉም ያወሩት ስለ ሰዓት ነው" አለኝ። "ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አምስት፣ ማታ ከአሥር እስከ አንድ ተኩል አደረግሁት። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የሚሠሩ ወላጆች መብራት ዘረጉልን። ለበላይም አሳውቄ ነበር፤ መልስ አልመጣም።"

"መልሱን ሳይጠብቁ ጀመሩ?"

"ጠበቅሁ። ልጆቹ ግን አልጠበቁም፤ አንድ በአንድ እየቀሩ ነበር።"

ስብሰባው

ስብሰባውን የጠሩት የአውራጃው ተወካይ ጓድ መኮንን ናቸው። ከደጋ ተዛውረው ከመጡ ብዙ አልቆዩም፤ ቢሯቸው ከጣሪያው ላይ የሚሽከረከር የአየር ማራገቢያ፣ ቬንቲላቶሬ አለው። ወላጆች ስብሰባው ለምሽት ይሁንልን ቢሉም፣ "የመንግሥት ስብሰባ በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው" ብለው ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እዚያው ትምህርት ቤት፣ አምስተኛ ክፍል ውስጥ እንዲሆን ወሰኑ።

ወላጆቹ በልጆቻቸው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። እኔ ከጓድ መኮንን ጎን ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የውሳኔ ሐሳቤን እንድናገር እንደምጠየቅ አውቃለሁ፤ የምለውን ጣሪያ ላይ ተኝቼ ስደጋግም ነበር ያደርኩት፤ አሁን ግን አንድ ቃል አልመጣልኝ አለ። ቆርቆሮው ይንጣጣል። ወረቀቱ ክንዴ ላይ ተጣበቀ። ጓድ መኮንን ስለ ዲሲፕሊን፣ በመላው አገር አንድ ዓይነት ስለሆነው የትምህርት ሰዓት ተናገሩ፤ ላባቸውን ጠረጉ፤ እንደገና ተናገሩ። ከኋላ አንድ ሰው ማንኮራፋት ጀመረ።

"አስተያየት ያለው?" አሉ። ወላጆቹ በመዳፋቸው ፊታቸውን ያራግባሉ።

"ምነው ዝም አላችሁ? የልጆቻችሁ ጉዳይ አይደለም እንዴ? ፍላጎት የላችሁም?"

የማጣሪያው ቴክኒሻን አቶ ታደሰ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "ፍላጎቱስ አለን፣ ጓድ፤ ጆሯችን ነው የቀለጠው" አለ።

ጓድ መኮንን መሐረባቸውን ጨመቁ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። "እንግዲህ በዚህ ሁኔታ መነጋገር አይቻልም። ስብሰባው ለምሽት ሁለት ሰዓት ይዛወር" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ጻፊው።"

ጻፍሁ። ስብሰባ ሲበተን ምክንያቱ መመዝገብ አለበት፤ የቃለ ጉባኤ ደንብ ነው። እጄን አወጣሁ።

"ጓድ መኮንን፣ ምክንያቱን ምን ብዬ ልመዝግብ?"

አስቤበት ይሁን ደንቡ ይዞኝ፣ ዛሬም አላውቅም። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ሁሉም ግን ሰማው። ጓድ መኮንን ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የቆመውን አቶ ኢድሪስን፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀመጡትን ወላጆች አዩ። አቶ ታደሰ መሬት መሬቱን እያየ ትከሻው በታፈነ ሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"ሙቀት ብለሽ ጻፊ" አሉ በመጨረሻ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲያንኮራፋ የነበረውም ነቅቶ፣ ምን ተባለ እያለ ሳቀ። ጓድ መኮንንም ጥቂት ታግለው ተሸነፉ። የውሳኔ ሐሳቤን የተናገርሁት ያን ጊዜ ነው፦ የምሽቱ ስብሰባ ይቅርና ሳይወስኑ በፊት ነገ ማለዳ መጥተው ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ። ቅዳሜም እስከ ረፋድ ይማራሉ።

መጡ። ከኋላ ወንበር አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተቀመጡ። ሲወጡ ለአቶ ኢድሪስ፣ "ለሙከራ ይቀጥል፤ እኔ እፈርማለሁ" ብለው እጁን ጨበጡት። ዘህራ በመስኮት ስታይ ነበር፤ ወደ ጓደኞቿ ዞራ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ጩኸቱ ግን እስከ በሩ ተከተለን። ዘበኛው ሽማግሌ፣ "አሁን ተኙ ብለሽ ጻፊልን" አሉኝ።

መልስ

ዳገቱን ስንወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስሁ። ጋሽ ደምሴ ሲያፏጩ፣ እኔ ስተኛ፣ እንደገና ሲያፏጩ አዲስ አበባ ገባን። የክፍል ኃላፊያችን ሪፖርቱን አንብበው፣ "ታዲያ ተዘግቶ ነበር ወይስ አልተዘጋም?" አሉኝ። "በቀትር ይዘጋል፤ ስለዚህ ይማራሉ" አልኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡና ሙከራው በሚቀጥለው ዓመትም እንዲቆይ ፈረሙ። አቶ ኢድሪስም በቦታው ጸና።

በማግስቱ ማለዳ ዝናብ ያካፋ ነበር። ታናሽ እህቴ አልማዝ ከቤታችን አጠገብ ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመሄድ ደብተሯን በላስቲክ ትጠቀልላለች።

"አልማዝ፣ ክፍል ውስጥ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?" አልኋት።

መጠቅለሏን አቆመች። ጥያቄው ለእሷ መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ደብተሯን አስቀምጣ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

"ከመስኮቱ ልጀምርልሽ?" አለች።