ፀሐይ ለማያገኘው ገንዳ ዳር ሣር ፍለጋ

ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከስድስት ኪሎ ወረድ ብሎ ከሚገኘው የልጄ ቤት ወጣሁ። የጉዞዬ ዓላማ ለመዋኛ ገንዳ ዳር የሚነጠፍ ሰው ሠራሽ ሣር መርጦ መመለስ ነበር። ዕድሜውን በድጓና በቅዳሴ መካከል ላሳለፈ ሰው እንግዳ ተልእኮ መሆኑን ስለማውቅ ጥቂት ላስረዳ።

ልጄ የገዛው ቤት አሮጌ ነው። በጓሮው የቀድሞው ባለቤት ያሠራው ጠባብ ገንዳ አለ። በአንድ ወገን የዝግባ ዛፍ፣ በሌላው ወገን አዲስ ፎቅ ስለጋረደው ፀሐይ እምብዛም አይደርስበትም። በዙሪያው የነበረው ሣር ከሞተ ቆይቷል፤ ድንጋዩንም የሚያንሸራትት አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶታል። ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ ጉልበቷን ከታከመች ወዲህ ሐኪሙ በውሃ ውስጥ እንድትራመድ አዝዟት ነበር። ሁለት ሳምንት ተራመደች፤ ለውጡንም አየን። በሦስተኛው ሳምንት ከገንዳው ስትወጣ አዳለጣት። ልጄ ክንዷን ባይዛት ወድቃ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጓሮው አልወረደችም፤ ጉልበቷም መልሶ አልታጠፍ አለ።

ልጄ ሣሩን በስልክ ሊያዝ ሲል ከለከልሁት። በሰበካ ጉባኤ ባገለገልሁባቸው ዓመታት የቤተ ክርስቲያኑን ምንጣፍ የምመርጠው እኔ ነበርሁ፤ ምንጣፍ ደግሞ ተዳስሶ እንጂ በሥዕል አይገዛም። ባለቤቴ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«እርስዎ ይምረጡት፤ እኔ ካላመንሁት ግን አልረግጠውም» አለችኝ።

ሦስት ሰዓት፣ ጊዮርጊስ

ታክሲው ሃያ ብር ተቀብሎ ጊዮርጊስ አወረደኝ። ደጁን ተሳልሜ ወደምናውቀው የምንጣፍ ሱቅ አቀናሁ። ሱቁ የለም። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፤ አዳዲስ የመብራት ምሰሶዎችም ተተክለዋል። ከቅጥሩ ሥር ጧፍ የሚሸጠውን ሰው ጠየቅሁት።

«አባቴ፣ እነሱ እኮ አረጉ» አለኝ፤ ጣቱንም ወደ ፒያሳ ቀሰረ። «ያ ሰማያዊ መስታወት፣ ሦስተኛ ፎቅ። አሳንሰሩን አይመኑት፣ በእግርዎ ይውጡ።»

አራት ሰዓት፣ ፒያሳ

በእግሬ ወጣሁ፤ በየፎቁም አረፍሁ። ሱቁ አሁን ሰው ሠራሽ ሣርም ይሸጣል፤ ባለቤቷ ፈጣን ንግግር ያላት ሴት ናት። ወንበር ሰጥታኝ ማኪያቶ ልታዝ ስትል ጾም መሆኑን ነገርኋት።

«እንግዲያው ሣር ብቻ እንጋብዝዎታ፣ አባባ» አለች። «ይሄ ውሃ አጠጡኝ አይልም፣ እጨዱኝ አይልም። በግ ብቻ እንዳያሳዩት፣ ቅስሙ ይሰበራል።»

«የማን ቅስም? የሣሩ?»

«የበጉ ነዋ!»

የት እንደሚነጠፍ ስትጠይቀኝ፣ ባለቤቴ በባዶ እግሯ የምትቆምበት ስፍራ ነው አልኋት። ስለ ውሃውና ስለ ጥላው አልነገርኋትም፤ እርሷም ያሏትን ለስላሳ ሣሮች አወረደች። ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ እንደማደርገው እያንዳንዱን ዳሰስሁ፣ አጠፍሁ፣ አንሥቼ መዘንሁ። ከሁሉ ወፍራሙንና ከባዱን መረጥሁ። ካሬው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው። ጫማዬን አውልቄ ብቆምበት እግሬ ሰመጠ። መልካም ነው ብዬ እንድታስቀምጥልኝ ነገርኋት፤ ስልክ ቁጥሯንና የመዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ተቀብዬ ወጣሁ። ማጣበቂያ ስለሌላት ወደ ራስ መኮንን ድልድይ እንድወርድ መከረችኝ።

ስድስት ሰዓት፣ ራስ መኮንን ድልድይ

ቁልቁለቱን በጥንቃቄ ወረድሁ። በድልድዩ አካባቢ መንገዱ በሻጭና በታክሲ ጠሪ ተጨናንቋል። ማጣበቂያና ምንጣፍ የሚሸጡት አቶ ሰይድ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆኑ የወሎ ሰው ናቸው። ሻይ አቀረቡልኝ፤ ጾሜን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቁራጩን ተቀብለው ገለባበጡት።

«ለምን ሊሆን ነው?»

«ለገንዳ ዳር።»

«ፀሐይ ያገኘዋል?»

«አያገኘውም።»

ማንቆርቆሪያቸውን አንሥተው በቁራጩ ላይ ውሃ አፈሰሱ። ውሃው በሣሩ መካከል ቆመ። ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ፤ አንዲት ቀዳዳ እንኳ የሌላት ድፍን ጎማ ናት።

«ይሄ የሳሎን ነው፣ ወንድሜ። ጥላ ውስጥ ውሃ አቁሮ ይሸታል፣ ከሥሩም ሻጋታ ያበቅላል። ማን መረጠልዎ?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«አብሽሩ። ይምጡ፣ የኔን ይዩት።»

ከሱቁ ጀርባ ለሶላት የሚታጠቡበት ጠባብ ስፍራ ወሰዱኝ። በሁለት ግንብ መካከል ያለ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ጥግ ነው። ወለሉ ላይ ያለው ሣር አጭርና ሳሳ ያለ ነው፤ በእጄ ብዳስሰው ሸካራ ሆነብኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ንቄው የማልፈው ዓይነት ነው። ጀርባው በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ወለሉም ወደ ፍሳሹ ዘንበል ይላል።

«ሁለት ክረምት ከረመ። በየሶላቱ ውሃ ይወርድበታል። ጎንበስ ብለው ያሽትቱት።»

አሸተትሁት፤ ምንም አይሸትም። ጫማዬን አውልቄ ቆምሁ። አቶ ሰይድ ማንቆርቆሪያውን አነሡ።

«ሻዬን እምቢ ብለውኛል፣ ውሃዬን ደግሞ እምቢ እንዳይሉኝ» ብለው በእግሮቼ ላይ አፈሰሱ።

ውሃው ወዲያው ወረደ። እግሬን ወዲህና ወዲያ ገፋሁ፤ አላንሸራተተኝም። ካሬው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው። አስቀድሞ ድንጋዩን በበረኪና ፍቀን እንድናደርቅ፣ ማጣበቂያውን በጠርዙ ብቻ እንድንቀባ፣ የዛፉንም ቅጠል በየቀኑ እንድንጠርግ መከሩኝ። ለሙከራ አንድ ሜትር ቆርጠው ሰጡኝ። ለፒያሳዋ ሴት ደውዬ ጥፋቴን ነገርኋት።

«ውሃ አለበት ቢሉኝማ እኔ ራሴ እከለክልዎ ነበር፣ አባባ» አለች፤ አልተቀየመችም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ስድስት ኪሎ

ታክሲ ውስጥ ጥቅልሉን በጉልበቴ ላይ አድርጌ የተሳሳትሁበትን አሰብሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የመረጥሁት ውሃ ለማይነካው ወለል ነበር። እጄ የለመደውን ወፍራምነት ለሁሉም ስፍራ መልካም ነው ብሎ ፈረደ፤ ስፍራውን ግን አልጠየቅሁም።

ከቤት ስደርስ ልጄ ከገንዳው ደረጃ አጠገብ ያለውን ድንጋይ ፍቆ አደረቀ፤ ቁራጩንም አነጠፍን። ባልዲ ሙሉ ውሃ አፈሰስሁበትና መጀመሪያ እኔ ቆምሁ። ባለቤቴ ከበሩ ሆና ትመለከት ነበር።

«እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ አያምርም» አለች።

«አያምርም» አልሁ።

በልጇ ክንድ ተደግፋ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፤ አንዱን እግር፣ ቀጥሎም የታከመውን አኖረች። ጣቶቿን በሣሩ ላይ ገፋ አደረገች። ከዚያ የልጇን ክንድ ለቅቃ የብረት መደገፊያውን ያዘችና አንድ ደረጃ ወደ ውሃው ወረደች። ተመልሳም ወጣች።

«የቀረው ሣር እስኪመጣ ድረስ» አለች፣ «ይቺን ከዚህ እንዳታነሡብኝ።»