የማስቲሽ ሽምግልና

በክረምት የሱዳኗ ገዳሪፍ ጥቁር አፈር ከረጠበ የያዘውን አይለቅም። ማሽላ አራሚዋ ጎረቤቴ አዲስ ሶል ያስለጠፈችበት የወንድ ቦት ጫማ ገና በመጀመሪያው ቀን ግራው አፉን ከፈተ። አራሚ የሚጭነው ትራክተር በማግስቱ ጠዋት ይመጣል፤ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ደግሞ አይወስድም። ጫማ ሰሪው "ማስቲሼ አይለቅም፣ ያንቺ አያያዝ ነው" አላት። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ በጫማ ሰሪው ዳስ ሥር፣ የሱን ሻይ እየጠጣ።

ጫማ ሰሪው ያልተከፈተውን ቀኙን አቀረበ።

"ቁሙበት!"

ወፍራሙ ሽማግሌ ቆመበት። ንቅንቅ የለም። ሲጫኑት የሚለቅ ማስቲሽ የት አገር አለ?

"ጎትቱት!"

አንዱ ሶሉን፣ አንዱ ቆዳውን ይዘው በቁመቱ ተጓተቱ። ላብ በላብ ሆኑ፤ ሶሉ እንዳለ ነው። "ማስቲሹ ንጹሕ ነው" ብለው ፈረዱ። ሻይ ተጨመረላቸው።

እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

"አባቶቼ፣ ልጅቷ ጫማውን ገመድ ጉተታ ልትወዳደርበት ነው እንዴ ያሠራችው?"

"እማማ፣ እርስዎን ማን ጠራዎት?" አለ ጫማ ሰሪው።

"ጭቃው! ጭቃ በቁመት አይጎትትም፤ ከአፍንጫው ይዞ እንደ ሙዝ ይልጠዋል። እናንተ ስትጎትቱ ማስቲሹ ሁሉ ተባብሮ ይይዛል። ከጫፍ ሲላጥ ግን ዳር ያለችው ጠብታ ብቻዋን ትታገላለች፤ እሷ ስትለቅ ተራው የቀጣይዋ ነው። አጥልቀውና መንገዱን ተሻግረህ ተመለስ። ሶሉ ከተመለሰ እሷ ይቅርታ ትጠይቅሃለች።"

ጫማ ሰሪው ቀኙን አጥልቆ፣ ጀላቢያውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። መሀል መንገድ ላይ እግሩን ሲያነሳ ሶሉ ከፊት ተገሽልጦ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እንደ ሽመላ ባንድ እግሩ ቆመ።

"ዝናቡ በዝቶ ነው" አለ ወፍራሙ ሽማግሌ።

"እንግዲያው ዝናቡ ይጠራና ቃሉን ይስጥ!" አልኩት።

ጫማ ሰሪው ከጭቃው ውስጥ ጮኸ፦ "እሷስ? ስታወልቅ ተረከዙን በሌላው እግሯ እየረገጠች ነው፤ አይቻታለሁ!"

ጎረቤቴን አየኋት፤ መሬት መሬት አየች። እውነት ነበር። ጭቃው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሲልጡት ውለዋል። ጎረቤቴ ብትሆንም አላለፍኳትም።

"የናይለን ክሩን አንቺ ታመጪያለሽ። አንተ ሁለቱንም ዙሪያውን ትሰፋለህ፤ ያለ ክፍያ። አባቶቼም ጫማውን ይያዙልህ፤ መጎተቱን ያውቁበታል።"

አጉረመረሙ፤ ግን ያዙ። መርፌው ወፍራሙን ሽማግሌ ሁለቴ ወጋው። በማግስቱ ጎረቤቴ የተሰፋውን ቦት ተጫምታ ትራክተሩ ላይ ወጣች።