የስንዱ አንገት

የመጡት በዕረፍት ሰዓት ነው። ልጆቹ ሜዳ ላይ ነበሩ። እኔ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የተመለሱ መጻሕፍትን ወደ ቦታቸው እመልስ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ስሜን ጠየቀኝ። ሌላኛው ሳይጠይቅ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ሄዶ፣ እኔ የጻፍኋቸውን የልጆች የሥዕል መጻሕፍት እየመዘዘ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይጨምራቸው ጀመር።

«ሽፋናቸው ይታጠፋል» አልሁት።

«አይታጠፍም» አለኝና ከረጢቱን በእግሩ ጠቅጠቅ አደረገው።

ወደ እስር ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የባልዲ ሽንት፣ በዚያ ላይ የከረመ በቆሎ። ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር አሉ። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ሰማይ አያሳይም፤ ጭጋግ ብቻ ያስገባል። ሰኔ ገብቶ ነበርና የደብረ ማርቆስ ብርድ ከወለሉ ተነሥቶ በወገብ ይገባል። ሴቶቹ ካርቶን አንጥፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ብዙ ነበሩ። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ሁለቱ ነው።

አንዷ ሉማሜ መንገድ ዳር ሻይ ቤት የነበራት ወፍራም ሴት ናት። ገና ሳልቀመጥ፣ «አንቺ ደግሞ ለማን ሻይ ቀዳሽ?» አለችኝ። እሷ የታሰረችው አንድ ማለዳ ለመጡ ሰዎች ሻይ ቀድታ ነው። እነማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ሻይ የሚቀዳ ሰው አይጠይቅም።

«መጽሐፍ ጽፌ ነው» አልኋት።

«የምን መጽሐፍ?»

«የልጆች። ስለምትበር ልጅ።»

«ወዴት በረረች?»

«ወደ ሆስፒታል።»

አጠገቧ ወዳሉት አሮጊት ዞረች። «እኔስ፣ እማማ፣ ሻይ ቀድቻለሁ» አለች።

አሮጊቷ አልሳቁም። ከዲማ አካባቢ የመጡ ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነበር። እሱ ሲጠፋ፣ እስኪመጣ ድረስ ብለው እሳቸውን አስቀመጧቸው። አንገታቸው ላይ ሦስት ቀለበት ንቅሳት ነበራቸው፤ ቀለሙ ደብዝዞ እንደ ሐሞት አረንጓዴ ሆኗል። እሳቸው ራሳቸው ነቃሽ ነበሩ። በወጣትነታቸው በዚያ አገር ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ ሁሉ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አሳርፋ በእሾህና በጥላሸት ተነቅሳለች። «አሁን ከተማ ሄደው በመብራት ያስጠፉታል አሉ» አሉኝ አንድ ቀን። የተቀየሙ አይመስሉም ነበር። እኔ ግን ስለ እሳቸው ተቀየምሁ።

ስለምትበረዋ ልጅ፣ ስለ ስንዱ መናገር አለብኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን እቀመጥ ነበር። ትንንሾቹ «እትዬ» እያሉ ይስቁብኛል። በጽሑፍ የተሞላ ገጽ ሳይ አፌ ይደርቅ ነበር፤ ሥዕል ያለበት ሲሆን ግን ሥዕሉን ይዤ ወደ ቃሉ እደርሳለሁ። ስንዱን የጻፍኋት እንደዚያ ለሚደርሱ ልጆች ነው። የአባቷን ጋቢ ስትደርብ የምትበር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ነገሩን አስባ ካልጨረሰች ግን ጋቢው ጋቢ ብቻ ነው፤ ከመሬት አያነሣትም። ልጆቹ ይህን ሕግ ይወዱታል። ስታስብ አብረዋት ያስባሉ።

ያሳሰረኝ ከስንዱ መጻሕፍት የመጨረሻው ነው። መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ምጥ የያዛት ሴት ያለችበት አውቶቡስ ቆሟል። ስንዱ የሴትዮዋን ክብደትና የነፋሱን አቅጣጫ ካሰበች በኋላ፣ በጋቢው አዝላት ድንጋዩን ተሻግራ ሆስፒታል ታደርሳታለች። መንገዱን የዘጉት ሰዎች ከኋላቸው ብቻ ነው የተሳሉት።

መርማሪው ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነበር። መጽሐፉን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መምህርት፣ መንገዱን የዘጋው ማነው?»

«መምህርት አይደለሁም፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ማን እንደዘጋው በታሪኩ አልተባለም።»

«እኮ፤ ለምን አልተባለም?»

«ልጆች እሱን አይጠይቁም። ሴትዮዋ ደረሰች ወይ ነው የሚሉት።»

«ስንዱ የምትባለው ማን ናት?»

«ልጅ ናት።»

«የት ነው የምትኖረው?»

«ወረቀት ላይ።»

ጻፈው። ከዚያ ሽፋኑን ገለበጠ። «ያንቺ ስም አለ። የሠዓሊው የለም። ማነው የሳለው?»

ሠዓሊዋ በሌላ ትምህርት ቤት የምታስተምር፣ ከሌላ አገር መጥታ እዚህ የቀረች ሴት ናት። ጡት የሚጠባ ልጅ ነበራት። ስሟ እንዳይወጣ የለመነችኝ እሷ ነች፤ ያኔ ነገር ታበዢያለሽ ብያት ነበር። በክፍላችን የምታጠባ አንዲት ሴት ነበረች። ልጇ ቤት ቀርቶ፣ ማታ ማታ ጡቷን ግድግዳ ላይ ስታልብ እናያለን። ፊታችንን እናዞርላታለን።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

«አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ጥሩ። ሰኞ መጥተሽ ስንዱን ፊቴ ትስያታለሽ። ካልሳልሻት የሳላትን ሰው ስም ትነግሪኛለሽ።» መጽሐፉን ዘጋው።

እኔ ግን መሳል አልችልም። ጎጆ ስስል እንኳ ወደ አንድ ወገን ይጋደልብኛል።

ለክፍሉ ሴቶች ነገርኋቸው። ባለ ሻይ ቤቷ ከምግብ ማብሰያው ከሰል በቀሚሷ ጠርዝ ቋጥራ አመጣች። እንዴት እንዳገኘችው አልነገረችንም። ሲሚንቶው ላይ እስላለሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን፣ እንደገና እስላለሁ። ስንዱን በቃሌ አውቃታለሁ፤ ዓይኖቿ ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ ግንባሯ ላይ ስንት ጉንጉን እንደሚወርድ። እጄ ግን አይታዘዘኝም።

«ፍየል አደረግሻት» አለች ባለ ሻይ ቤቷ የመጀመሪያውን አይታ። ሁለተኛውን አይታ ደግሞ፣ «ይቺን እንኳ እኔም አልለቃት፤ ሽፍታ ትመስላለች።»

አሮጊቷ እጄን ሲያዩ ቆዩ። «ፊደል የለመደ እጅ ነው» አሉኝ። «ይጭርና ይነሣል፣ ይጭርና ይነሣል። ቆዳ ላይ እንዲያ ቢሆን ልጅቱ በጮኸች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማማ?»

«ከአንገት ጀምሪ። አንገት ከቆመ ፊት የትም አይሄድም።»

«ፊት ስለው ያውቃሉ?»

«ኧረ ወዲያ። ፊት እግዜር የሳለው ነው። እኔ አንገት ነው የማውቀው።»

ስለዚህ ሥራውን ተካፈልነው። መስመሩ የእሳቸው፣ መልኩ የእኔ ሆነ። እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው ከትከሻ ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ አገጭ ሳናነሣ እንወጣለን። አንገቱ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ሦስቱን ቀለበት ይዞራሉ፤ ከዚያ ነው ወደ ላይ የሚያልፉት። ሦስተኛውን ቀለበት ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ አይገጥሙትም። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋሉ።

«ይሄ አልገጠመም» አልኋቸው፤ እኔ ያልገጠመ ነገር አይሆንልኝም።

«አይገጠምም። ጉሮሮ አይታሰርም። ሌሎቹ ነቃሾች ይገጥሙታል። እኔ አልገጥምም።»

ዓይኑን የት እንደምናደርገው ተከራከርን። እሳቸው ከፍ ይበል አሉ፤ እኔ ስንዱ ዓይኗ ዝቅ ያለ ነው ብዬ አልለቅ አልሁ። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡና፣ «ልጅሽ ናት፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሳልኋት። ባለ ሻይ ቤቷ ብዙ አየቻትና፣ «ይቺስ ሰው ናት» አለች። ማንም አልጠረጋትም።

ሰኞ ማለዳ በሩ ሲከፈት የተነሣሁት እኔ ነበርሁ። የተጠሩት ግን አሮጊቷ ናቸው።

«ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» አለች ፖሊሷ።

ዕቃ አልነበራቸውም። ነጠላቸውን አጣፉ። «ወዴት ነው?» አልኋት፤ እሷ በሩን ይበልጥ ከፈተችው። አሮጊቷ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «እጅሽን አታንሺ» አሉኝ። ሲወጡ ወለሉ ላይ ያለችውን ስንዱን እንዳይረግጡ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዞሩ።

ቀጥሎ እኔን ወሰዱኝ። መርማሪው ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። እጄን እንዳላነሣ ብቻ ነበር የማስበው። ከትከሻዋ ጀመርሁ። ሥዕሉን ስጨርስ ከመጽሐፉ ጎን አስቀምጦ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ፊቷ ይመስላል» አለ። ቀጥሎ በእስክሪብቶው ጫፍ አንገቷን ነካ። «ይሄ ምንድነው?»

ያኔ ነው ያየሁት። እጄ አንገት መሳል የተማረው በዚያ መንገድ ነውና ቀለበቶቹን ዞሮ አልፏል። በመጻሕፍቱ ሁሉ የስንዱ አንገት ባዶ ነው።

«ንቅሳት ነው።»

«መጽሐፉ ላይ የለም።»

«የለም።»

«ታዲያ?»

«አድጋለች።»

ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። «ይሄኛው አልተዘጋም።»

«አይዘጋም።»

«ለምን?»

«ጉሮሮ አይታሰርም።»

እናቱ ወይም አያቱ አንገቷ የተነቀሰ ነበረች ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር፤ ግን አላውቅም። የማውቀው እስክሪብቶውን ከሥዕሉ ላይ እንዳነሣና ሌላ የተጻፈበት ወረቀት እንዳቀረበልኝ ነው። ቃሌ ነው ተባልሁ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ፣ አንደኛ ክፍል እንደተማርሁት ሁሉን አነበብሁ። ሥዕሎቹን የሳልኋቸው እኔ እንደሆንሁ ይላል። ይህን ያደረግሁት ሕዝብን ለማነሣሣት አስቤ እንደሆነም ይላል።

«ፈርሚ እንጂ፤ ልብ ወለድ አይደለም» አለኝ።

«ነው» አልሁት።

ወረቀቱን መለስሁለት። ሥዕሉን ወደ እኔ ሳብ አድርጌ ከስንዱ ትከሻ ሥር ፈረምሁ። «የእኔ ይሄ ነው።»

«በዚህ አትወጪም።»

«አውቃለሁ።»

ሥዕሉን ከመዝገቡ ጋር በስቴፕለር መታው። ስለ ሠዓሊ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም።

ስመለስ የአሮጊቷ ካርቶን ተነሥቷል። ሌላ ሴት አንጥፋው ነበር፤ ቦታ ስለማይበቃን ማንም አልተቃወመም። ባለ ሻይ ቤቷ ጠጋ አለችኝ።

«ስንዱ አለፈች?»

«አለፈች።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

ብርዱ እስኪያልፍና እንደገና እስኪመጣ እዚያው ነበርሁ። ፍርድ ቤት አልቀረብሁም። አንድ ቀን «ውጪ» ተባልሁ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ስለ አሮጊቷ ጠየቅሁ። አንዱ ተፈትተዋል አለኝ፣ አንዱ ተዛውረዋል አለኝ፣ አንዱ እንዲህ ያለች ሴት አናውቅም አለኝ። አውቶቡስ ሉማሜ ላይ ሲቆም የአሮጊቶችን አንገት አያለሁ። ባለፈው የጁቤ ገበያ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሦስተኛው ቀለበቷ ሳይገጥም አየሁና፣ ማን ነቀሰሽ ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷን በእጇ ዳበሰች። «አንዲት የዲማ ሴት ነበሩ። ልጅ ሆኜ ነው። ቤታቸው ተዘግቷል አሉ» አለችኝ። ሽንኩርት ገዛሁ።

ስንዱ አሁንም ትወጣለች፤ በጥቂት ቅጂ፣ ከእጅ ወደ እጅ። ሠዓሊዋ አሁንም ስሟን አታወጣም፤ ልጇ በእግሩ ይሄዳል። ገጾቹን ከማባዛታችን በፊት ታመጣልኛለች። ሁሉን ስላ ጨርሳ አንገቱን ብቻ ባዶ ትተወዋለች። እኔ በየሥዕሉ፣ እጄን ሳላነሣ፣ ሁለቱን ገጥሜ ሦስተኛውን ክፍት እተወዋለሁ። «እኔ ነኝ የሳልኋት» ያልሁት ያኔ ውሸት ነበር። አሁን ጥቂቱ እውነት ነው።